ግራ ጆሮዬ በአንድ ሌሊት ዝም አለ፤ ፌሪቲኔ (የብረት ክምችቴ) 9 ነው ተባልኩ። ደም ማነሱ ይሆን?

ጥበብ_ሰፊዋ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20

እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖች። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። 38 ዓመቴ ነው፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ስልክ ሲደወል እንደ ልማዴ በግራ ጆሮዬ ያዝኩት። ጭጭ። ኔትወርክ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» እላለሁ፣ ለካ እህቴ ከወዲያ እየጮኸች ኖሯል። ወደ ቀኝ ሳዞረው ነው የሰማኋት። ግራው ጥጥ የተጎሰጎሰበት ይመስላል፤ ደግሞ ሊፈላ እንደደረሰ ጀበና ሽሽ የሚል ድምፅ አለው፣ ቀንም ሌትም አያርፍ። የመጀመሪያው ቀን አዞረኝ፣ አሁን እሱ ትቶኛል።

ጎረቤቶቼ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹልኝ። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀሽ ጠብ አድርጊበት አለችኝ፤ አደረግሁት፣ ከማቃጠል በቀር ያመጣው የለም። አርብ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። «ኩክ ነው» ብለው ማለስለሻ ሰጡኝና ለሰኞ ቀጠሩኝ። ሰኞ ታጠበ፤ የወጣው ኩክ የምስር ፍሬ አያህልም፣ ጆሮዬም እንደነበረ ነው። ያዩኝ ሰው ፊቴ መገርጣቱን አይተው ደም አዘዙ። ዛሬ ውጤቱ መጣ፦ ሄሞግሎቢን 12.3፣ ኤምሲቪ 87፣ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ደህና፣ ፌሪቲን 9፣ ቢ12 178፣ ቫይታሚን ዲ 14። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ዝቅተኛ የሚል ምልክት አላቸው።

ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ደሜ ሲሞላ ጆሮዬ ይመለሳል ወይ? ለፋሲካ ገና ከሦስት ሳምንት በላይ አለ። ጾሙ ሲፈታ ሥጋና ወተት ስጀምር ይስተካከል ይሆን ብዬ ልጠብቅ?

የአዘዞ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡41

አይዞሽ እህቴ፣ ነርቭ ነው። ቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ተወጊ። እኔ ወገቤን ስታመም አምስት ተወግቼ ድኛለሁ።

ሲስተር_ማራኪ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

የአዘዞ ልጅ፣ ወገብህን እግዜር ይጠብቅልህ፤ እዚህ ግን የወገብ ነገር አይደለም።

እህቴ፣ አንቺ የጠየቅሽው ስለ ደም ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ የቀረው «ባለፈው ረቡዕ» የሚለው ላይ ነው። ነገ ሳምንትሽ ሊሞላ ነው። አሁኑኑ አንድ ነገር አድርጊልኝ፦ ጸጥ ያለ ቦታ ቁጭ በይ፣ አፍሽን ግጠሚና «እምምም» እያልሽ አንጎራጉሪ። ድምፁ በየትኛው ጆሮ ጎልቶ ይሰማሻል? በታመመው በግራው ከሆነ መንገዱ ላይ የተደፈነ ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ኩክ፣ ወይም ከታምቡር ጀርባ የተጠራቀመ ፈሳሽ። በጤነኛው በቀኙ ከጎላ ግን ችግሩ ውስጥ ነው፣ ከውስጠኛው ጆሮ ወይም ከነርቩ። ሐኪሞች ይህንኑ የሚያደርጉት በ512 ኸርዝ ሹካ ግንባር ላይ አስቀምጠው ነው። የቤት ሙከራው ምርመራውን አይተካም፣ የት መሮጥ እንዳለብሽ ግን ይነግርሻል።

ጥበብ_ሰፊዋ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡12

ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። በቀኙ ነው። ግራው ምንም። ሲስተር አስደነገጥሽኝ።

ሲስተር_ማራኪ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

መደንገጡ ይቅርና ነገ ጠዋት ተነሺ። በሦስት ቀን ውስጥ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ በተከታታይ ሦስት የድምፅ እርከኖች 30 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ መስማት ሲቀንስ ድንገተኛ የውስጥ ጆሮ መስማት ማጣት ይባላል። እንዲህ ያለው ጆሮ ቀጠሮ አይጠብቅም። ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ኦዲዮሜትሪ የሚባለውን የመስማት ልኬት ይሥሩልሽ። የሚሰጠው የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን በአፍ። ከዳነ ይበልጥ የሚድነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነው። በአፍ ካልሠራ ወይም መውሰድ ካልተቻለ በታምቡር በኩል በመርፌ የሚሰጥበት መንገድም አለ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የስቴሮይዱ ማስረጃ እንደ አለት የጠነከረ አይደለም። ምንም ሳይወስዱ ከሦስት አንድ እስከ ሁለት የሚሆኑት በራሳቸው ይሻላቸዋል፤ ስለዚህ ማን በመድኃኒቱ፣ ማን በራሱ እንደዳነ መለየት ያስቸግራል። ግን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ «ምነው ሞክሬው በነበር» ማለት ጆሮ አይመልስም። ብረቱን፣ ቢ12ቱን በኋላም ትሞዪዋለሽ። ቅደም ተከተሉ አይዘበራረቅብሽ።

ደግሞ በሞቴ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ተዪው። ለወጥ ይሁን።

ላቦራቶሪው · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

ሲስተር ያለችው ይቅደም፣ እኔ የምጽፈው ከሐኪሙ ስትመለሺ ይነበብ። የላብ ሰው ነኝ፣ ውጤትሽ ደስ የሚል እንቆቅልሽ ስለሆነብኝ ነው (ለአንቺ ደስ አይልም፣ ይቅርታ)።

ሄሞግሎቢንሽ አጠገብ የዝቅተኛ ምልክት የለም። ወረቀቱ የሴት ዝቅተኛ ወሰን 12 ስለሚል 12.3 አለፈ። ይህ ወሰን ግን ለባሕር ወለል ሰው ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ላይ ያለ ሰው አየሩ ስለሚሳሳበት ሰውነቱ ቀይ ደም ያበዛል። ለእኛ ከፍታ ወደ 1 ግራም ገደማ መታሰብ አለበት። ስለዚህ የጎንደሯ 12.3 መተማ ቆላ ከምትኖረው 12.3 ጋር አንድ አይደለችም፤ አንቺ ደም ማነስ አለብሽ፣ ወረቀቱ ነው ያላየው።

ሁለተኛው ወጥመድ ኤምሲቪው ነው፣ የቀይ ደም ሕዋስ መጠን። ብረት ሲያንስ ሕዋሱ ያንሳል። ቢ12 ሲያንስ ይተልቃል። ሁለቱም ሲያንሱ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ ይጎትቱና አማካዩ 87 ሆኖ «መደበኛ» ይመስላል። ይህን ሳያዩ «ደህና ነሽ» ብሎ መላክ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ፌሪቲን ማለት የብረት ጎተራ ነው፤ ሄሞግሎቢን ሌማቱ ላይ የቀረበው እንጀራ። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሌማቱ ለጊዜው ሙሉ ሊመስል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ15 በታች የሆነ ፌሪቲን ጎተራው ማለቁን ያሳያል ይላል። ትኩሳት ወይም ቁስለት ካለ ፌሪቲን በውሸት ከፍ ስለሚል 60 ያለው ሰው ሊያታልለኝ ይችላል። 9 ግን አይዋሽም።

ቫይታሚን ዲ 14 መሆኑ አይግረምሽ። 13 ወር ፀሐይ ያለው አገር ነን፣ አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ከልብስ መኪናው ፊት ነሽ፣ ስትወጪ ደግሞ ነጠላ።

ቢ12 ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጉበት የሚያከማቸው ቢ12 ዓመታት ያቆያል፤ አንድ ሁዳዴ ብቻውን 178 አያደርስም። የጨጓራ መድኃኒት ትወስጃለሽ?

ጡረተኛው_ጤና_መኮንን · ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡15

ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። እኔ በዚሁ በጎንደር፣ በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተማርኩ አሮጌ ጤና መኮንን ነኝ። ልጆቹ ደህና ነግረውሻል። የምጨምረው ሐኪሙ ሳይጠይቅሽ አንቺ ንገሪው የምለውን ነው።

ሰሞኑን መርፌ ተወግተሻል? ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲን የጆሮ ጠላቶች ናቸው። ኩዊኒንና ብዙ አስፒሪንም ጆሮ ያስጮኻሉ። ላዚክስ የሚባለው የሽንት ማብዣም አለበት። እርግጥ መድኃኒት ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጆሮ ነው፣ ያንቺ አንዱ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ይነገር። በእኔ ጊዜ ለሳንባ ነቀርሳ ወራት ሙሉ ስትሬፕቶማይሲን ወግተን፣ በሽተኛው ድኖ ስንስቅለት «ምን አላችሁ?» የሚለንን አልረሳውም።

ስቴሮይድ ደግሞ እንደ ከረሜላ ከመደብር አይገዛም። ስኳር ካለብሽ ያንረዋል፤ ተለክተሽ ጀምሪ። ግፊት፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የቆየ ሳል ካለሽ አትደብቂ። በባዶ ሆድ አይዋጥም። ለአሥር ወይም ለአሥራ አራት ቀን ከተወሰደ በኋላ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ እንጂ ተሻለኝ ተብሎ ባንዴ አይቆምም።

ደሙ ከጆሮው ጋር የሚገናኝበትን ለጠየቀ፦ ውስጠኛው ጆሮ ደም የሚያገኘው በአንዲት ቀጭን የደም ቧንቧ ነው፤ እሷ ብትጠብ ተተኪ መንገድ የላትም። ቀንድ አውጣ የሚመስለው ክፍል ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ኦክስጅን የሚበሉ ስስታሞች ናቸው። ደም የቀጠነበት ሰው ላይ እዚያ ቢጎድል አያስደንቅም። ግን ይሆናልና ሆኗል የተለያዩ ናቸው። ከአሥር ሰው በዘጠኙ ምክንያቱ ሳይገኝ ይቀራል።

ጥበብ_ሰፊዋ · ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡40

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። መርፌ አልተወጋሁም። ላቦራቶሪው፣ አዎ፤ ኦሜፕራዞል ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ያቃጥለኛል ብዬ ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ። ማንም አላዘዘልኝም። ልወጣ ነው፣ ባጃጅ እየጠበቅሁ ነው የምጽፈው። ሲመጣ ከየት እንደሚመጣ አልለየውም፤ ድምፁ ሁሉ ከቀኝ ነው የሚመስለኝ፣ ትናንት ልገጭ ነበር።

ላቦራቶሪው · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡02

አገኘነው። ቢ12 ከምግብ የሚላቀቀው በጨጓራ አሲድ ነው፤ ኦሜፕራዞል አሲዱን ይዘጋል። ብረትም አሲድ ይፈልጋል። ለምን እንደሚያቃጥልሽም ይታይ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ራሱ ሁለቱን ያጎድላል። ራስሽ ግን እንዳታቋርጪ፣ በተለይ ስቴሮይድ ከታዘዘልሽ። ለሐኪሙ ንገሪው።

ቁጥር_ወዳድ · ረቡዕ፣ ቀን 7፡30

ሁላችሁም ደህና ጽፋችኋል፤ እኔ ግን «ደም ማነስ ጆሮ ያደነቁራል» የሚል ወሬ ከዚህ ክር ወጥቶ ነገ በየመንደሩ እንዳይሮጥ እፈራለሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የታይዋን ጥናት አለ። ድንገት መስማት ያጡ 4,004 ሰዎችን ከ12,012 ሌሎች ጋር አስተያዩ። አስቀድሞ የብረት እጥረት ደም ማነስ የተመዘገበባቸው ከታማሚዎቹ 4.3 በመቶ፣ ከሌሎቹ 3.0 በመቶ ናቸው። ልዩነት አለ፣ አልካድኩም። ግን ገልብጣችሁ አንብቡት፦ ጆሯቸው በድንገት ከጠፋው ከመቶ ዘጠና አምስት በላዩ የተመዘገበ ደም ማነስ አልነበረባቸውም። ደግሞ ጥናቱ ብረት ተሰጥቷቸው ጆሯቸው ተመለሰ አይልም።

ፎሌትስ ለምትሉ፦ ሆላንዶች ሆሞሲስቴይን (ፎሌት ሲያንስ በደም ውስጥ የሚበዛ ንጥረ ነገር) ከፍ ያለባቸውን 728 ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከሁለት ከፍለው ለግማሾቹ በቀን 800 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም በክኒን የሚሰጠውን ፎሌት፣ ለሦስት ዓመት ሰጡ። በዝቅተኛ ድምፆች ላይ ያገኙት ልዩነት 0.7 ዴሲቤል ነው። የሰው ጆሮ ያንን አይለየውም። እሱም በዕድሜ ቀስ እያለ ስለሚመጣው እንጂ ስለ ድንገተኛው አይደለም። የአሜሪካ ከአንገት በላይ ሐኪሞች መመሪያም ለዚህ ሕመም የደም ምርመራ እንደ ልማድ አትዘዙ ነው የሚለው።

ላቦራቶሪው · ረቡዕ፣ ቀን 8፡15

መመሪያው የተጻፈው ለማን እንደሆነም ጨምር እንጂ። አትዘዙ ያለው ምርመራው ለጆሮው ሕክምና መልስ ስለማይሰጥ ነው፤ ልክ ነው። ፊቷ የገረጣ፣ በዓመት ግማሹን የምትጾም፣ ሁለት ዓመት ኦሜፕራዞል የዋጠች ሴት ግን ጆሮዋ ጤነኛ ቢሆንም ደሟ መታየት ነበረበት። ያው የታይዋኑ ጥናትህ ዕድሜያቸው 44ና ከዚያ በታች በሆኑት ላይ ግንኙነቱ ይበልጥ ጠንክሮ አግኝቶታል። እሷ 38 ናት። ምክንያቱ ነው አላልኩም።

ቁጥር_ወዳድ · ረቡዕ፣ ቀን 8፡20

እሱን ተቀብያለሁ። 44ን አልጠቀስኩትም፣ ጥፋቴ።

የአዘዞ_ልጅ · ረቡዕ፣ ቀን 8፡33

እኔም መርፌውን መልሻለሁ 😅

የደንቢያ_እናት · ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

ጤፍ ብረት ሞልቶበታል ሲሉ አልነበር እንዴ? እኛ ጎንደሬዎች እንጀራ በልተን ብረት ካጣን ማን ሊያገኝ ነው?

ሲስተር_ማራኪ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡25

እማማ፣ ጤፍ ብረት አለው፤ ግን ላብራቶሪ ከሚያገኘው ብረት ከፊሉ በሬ ሲያበራየው ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ ነው፣ ያ ለሰውነት ብዙም አይጠቅም። የእህሉ የራሱ ብረትም ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሯል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ እስራቱ ይላላል፤ የሦስት ቀን እርሾ በከንቱ አይደለም። የሚጎዳን ሌላ ነው፦ ሽሯችንን በልተን እጃችን ሳይደርቅ ቡና። ቡናና ሻይ ብረቱን ይይዙታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ማራቅ፣ ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ቃሪያና ቲማቲም አለማጣት። በጾምም ይቻላል። ቢ12 ግን ከጎመንም ከሱፍም አይገኝም፣ እሱ ከእንስሳ ብቻ ነው። የጣናን ዓሣ በጾም የሚበላ ይበላል፣ የማይበላ አይበላም፤ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

ጥበብ_ሰፊዋ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡00

ተመለስኩ። ትናንትና ዛሬ እዚያው ስንከራተት ዋልኩ። ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብተው ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረጉና ስሰማ ቁልፍ ተጫኚ አሉኝ። በቀኙ ሳላስበው ስጫን በግራው እጄ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ወረቀቱ ላይ ግራው፦ ወፍራሙ ድምፅ 55፣ መሐሉ 60፣ ቀጭኑ 75 ዴሲቤል። ቁጥሩ በበዛ ቁጥር መስማቱ ያነሰ ነው ማለት ነው። ሐኪሙ ታምቡሬ ንጹሕ ነው አለ። ስኳሬ ተለክቶ ፕሬድኒሶሎን 60 ሚሊግራም ጠዋት ጠዋት ከምግብ ጋር ጀመርኩ። ነርቩ ላይ ያበጠ ነገር እንደሌለ ለማየት ኤምአርአይ ታዞልኛል፤ ካንሰር አይደለም፣ አልፎ አልፎ የሚገኝ ደግ እባጭ ነው፣ ለማረጋገጥ ነው አሉኝ። የብረት ክኒንና የቢ12 መርፌም አለ። ብረቱን በአንድ ቀን እየዘለልሽ ዋጪው፣ የተሻለ ይገባል ተባልኩ።

ጠዋት መብላት አለብሽ ሲሉኝ አለቀስኩ፣ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ሁዳዴን ሳልጾም አልቀረሁም። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «መድኃኒቱን ብይበት፣ ቂጣ በሻይ» አሉኝ። ሻዩ ብረቱን ይይዘዋል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው በውኃ» አሉ።

ጡረተኛው_ጤና_መኮንን · ሐሙስ፣ ማታ 3፡20

ጥሩ አባት ናቸው። ስቴሮይዱ እንቅልፍ ይነሣሻል፣ ሆድሽንም ያስርበዋል፤ አትደናገጪ። ብረቱ ሰገራሽን ያጠቁረዋል፣ እሱም ያለ ነው።

ላቦራቶሪው · ሐሙስ፣ ማታ 3፡41

ስቴሮይዱ ላይ እያለሽ ደም ብትሰጪ ነጭ የደም ሕዋስሽ ከፍ ይላል። ኢንፌክሽን ነው ብለው አንቲባዮቲክ እንዳይጭኑብሽ መድኃኒቱን ንገሪያቸው።

ጥበብ_ሰፊዋ · ከዳግም ትንሣኤ በኋላ፣ ሰኞ ማታ 2፡05

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የበዓል ልብስ ስፌት ነበረብኝ። ለውጡ የጀመረው መድኃኒቱን በጀመርኩ በአምስተኛው ቀን ነው፤ የልብስ መኪናዬ ፔዳል ሲንኳኳ በግራ በኩል እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ሰማሁ። ስቴሮይዱ ቀስ እያለ ቀንሶ አለቀ። የባለፈው ሳምንት ልኬት፦ ወፍራሙ 25፣ መሐሉ 35፣ ቀጭኑ 65። የፋሲካ ሌሊት ከበሮው ሲመታ በሁለቱም ጆሮዬ ነበር። ጸናጽሉ ግን በቀኙ ብቻ። ጀበናው ውስጤ አሁንም ይፈላል፣ እሳቱ ግን ቀንሷል። ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው። ጨጓራዬ ባክቴሪያ ተገኝቶበት እሱም እየታከመ ነው። ፌሪቲን ገና ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ እንለካለን አሉ።

ቁጥር_ወዳድ · ሰኞ፣ ማታ 2፡18

እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ታዲያ የረዳሽ ስቴሮይዱ ነው፣ ብረቱ ነው፣ ወይስ በራሱ ነው?

ጥበብ_ሰፊዋ · ሰኞ፣ ማታ 2፡24

ሐኪሙን ይህንኑ ጠየቅሁት። «አላውቅም» አለኝ። ወደድኩት።

የደንቢያ_እናት · ሰኞ፣ ማታ 2፡40

እሰይ ልጄ። ቡናውንስ ተውሽው?

ጥበብ_ሰፊዋ · ሰኞ፣ ማታ 2፡43

ኧረ ምን ሲደረግ እማማ። አንድ ሰዓት አዘገየሁት እንጂ። ጎረቤቶቼ ናቸው የተቀየሙት፣ ሦስተኛው ላይ ነው የምደርሰው።